ከማንጎው ሥር የሚገኙት ቅጠሎች

ግንቦት 14 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጅማ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ብዙ ለጋ ቅጠሎች ወድቀው ተገኙ። ሁሉም ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መስመር የተቆረጡ ነበሩ።

ሌሊቱን ነፋስ አልነበረም። ቅጠሎቹ አልጠወለጉም፤ የበሽታ ነጠብጣብም አልነበረባቸውም። የማንጎ ለጋ ቅጠል መጀመሪያ ሲወጣ አረንጓዴ አይደለም፤ መዳብ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። አንዱን አነሳሁት። ጫፉ ደህና ነው፤ ከቅርንጫፉ በኩል ያለው ግን በስለት እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ አልቋል። ቀና ብዬ ሳይ ቅርንጫፉ ላይ የቀረው አጭር ጉማጅ ነው፤ እሱም በዚያው መስመር የተቆረጠ።

የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ሊሙ ገነት አጠገብ ቡና ሥር አድገው፣ ተድረው ጅማ የገቡ፣ አሁንም በየቀኑ ገበያ ወርደው ኮረሪማና ጥምዝ የሚሸጡ ናቸው። ማንጎውን የተከሉት ባላቸው ነበሩ። ለሶላት የሚታጠቡበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆን ብለው ከዛፉ ሥር አስቀምጠው፣ የውዱኡ ውሃ ሁልጊዜ ሥሩን እንዲያጠጣው አደረጉ። እሳቸው ከሞቱ በኋላም እማማ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይታጠባሉ። ፍሬው ሲደርስ አይሸጥም። የመጀመሪያው ቅርጫት በሟቹ ስም ለጎረቤት ልጆች ይታደላል።

«ማነው እንዲህ የሚያደርገኝ?» አሉ ያን ጠዋት፣ ማሰሮ የመሰለውን የፕላስቲክ ጆግ እንደያዙ።

«ወፍ ይሆናል፣ እማማ።»

«ወፍ መቀስ አለው እንዴ፣ ኢልማ ኮ?»

ልጄ ማለታቸው ነው። ሲያዝኑም ሲቆጡም በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ።

መጥረጊያ አንስተው ቅጠሎቹን ሰበሰቡ። ወደ ውጭ አላወጧቸውም። ከዛፉ ግንድ ዙሪያ፣ ባለፉት ዓመታት በከመሩት ቅጠል ላይ ጨምረው፣ በእጃቸው ደልድለው አለበሱት። ቡና ሥር ያደገ ሰው ቅጠል ቆሻሻ ነው ብሎ አያስብም። ከዛፉ የወደቀ ለዛፉ ይመለሳል፤ እርጥበት ይይዛል፤ በስብሶ አፈር ይሆናል። እማማ ከግቢያቸው አንድ ቅጠል ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲወስዱ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱም ቅጠሎቹ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በዙ።

ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእማማ ሌላ የሚኖር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊው። ፊት ለፊት መንገድ ላይ የሚከፈተው ክፍል ሱቁ ነው። የሚተኛው ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮቷ ከማንጎው ሥር ነው። ከሚስቱ ጋር ከተለያየ ወዲህ ብቻውን ነው። ያኔ የምረቃ ወቅት እየቀረበ ስለነበር ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች በባጃጅ እየመጡ ሱፍ ያሰፉ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆርጥ ይውላል። መቀሱ ትልቅ፣ እጀታው ጥቁር፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ድምፁ እኔ ክፍል ድረስ የሚሰማ ነው።

እማማ የተቆረጠውን ቅጠል ባሳዩት ቀን ሳቀ።

«ምናልባት ዛፉ ልክ እንድወስድለት ፈልጎ ይሆናል። ዘንድሮ ያልተመረቀ እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

እማማ አልሳቁም። ልብስ ሰፊው ባለፈው ክረምት ዛፉ ክፍሉን ስላጨለመበት ቅርንጫፉ ይቆረጥልኝ ብሎ ለምኗቸው ነበር። አይሆንም ብለውት ነበር። ቀልዱን ከዚያ ጋር አገናኙት።

በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤትም ሰማች። ገብታ ቅጠሉን አየችና ሳትነካው ወደኋላ አለች።

«ወላሂ ይሄ የእጅ ሥራ ነው። ነፍሳት እንዲህ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል? ቅናት ያለበት ሰው ነው።»

«ማን ይቀናብኛል? በምኔ?»

«እርስዎ ያውቃሉ እማማ። እኔ ስም አልጠራሁም» አለችና የልብስ ሰፊውን በር አየች።

በሳምንቱ መጨረሻ እማማ ሱቁ ደጃፍ ቆመው ነገሩት። እኔም ነበርኩ።

«ዐረፋን አብረን እንበላለን። ከዐረፋ በኋላ ግን ሌላ ቤት ፈልግ።»

«እማማ፣ ምን አድርጌ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

«ረቢ ይስማኝ፣ እኔ ዛፍዎን አልነካሁም!»

«ካልነካኸው ይቆማላ! ኤጋ፣ እንግዲህ እንይ።»

ስለዚህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። እስከ ዐረፋ መቆረጡ ካላቆመ ሰውየው ቤቱንም ሱቁንም ያጣል። በዚያ ወቅት፣ ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ሱፍ ይዞ፣ ጅማ ውስጥ ሌላ መንገድ ዳር ሱቅ ማግኘት አይታሰብም።

ያን ዕለት ሊመሽ ሲል መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላቸው።

«ይኸው፣ ይያዙልኝ። ጠዋት ይሰጡኛል።»

እማማ የባላቸው ኮፍያና መስገጃ ካለበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ቆለፉበት። ጠዋት ከዛፉ ሥር የነበረው ቅጠል ከሌላው ቀን ሁሉ የበለጠ ነበር።

«ያለህ መቀስ አንድ ብቻ ነው?» አሉት፣ እየመለሱለት።

ተቀብሎ ወደ ሱቁ ገባ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣ። በዚያ ሰዓት የማይለየውን ጫት እንኳ አልያዘም። ክፍሌ ደጃፍ ቆሞ መዳፎቹን ተራ በተራ አያቸው።

«ጋዜጠኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትሳቅብኝ።»

«አልስቅም።»

«ልጅ ሆኜ በእንቅልፌ እሄድ ነበር። እናቴ እግሬን በክር ከአልጋው ጋር ታስረኝ ነበር። ከዚያ ተወኝ። አሁን ደግሞ በሕልሜ እቆርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለምቆርጥ ነው ብዬ ነበር። ግን ጨርቅ አይደለም የምቆርጠው። ምን እንደሆነ አይታየኝም፤ ለስላሳ ነው።»

ከኪሱ አዲስ ጓጉንቸር አወጣ።

«ማታ በሬን ከውጭ ቆልፍልኝ። ጓጉንቸር ገዝቻለሁ።»

«እሳት ቢነሳስ? መስኮትህ ብረት ነው።»

«ከተጣራሁ ትከፍታለህ። ካልተጣራሁ አትክፈት።»

ቆለፍኩለት። ቁልፉን ትራሴ ሥር አደረግሁት። አልተጣራም። ጠዋት ወጥቼ መጀመሪያ መሬቱን አየሁ፤ ቅጠሎቹ ነበሩ። ከዚያ ጓጉንቸሩን አየሁ፤ እንደቆለፍኩት ነው። በሩን ስከፍት ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆሟል። መሬቱን አላየም። እጆቹን ነው ያየው።

«አለ?» አለኝ።

«አለ። አንተ ግን አልወጣህም። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።»

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱ እጅህን እንጂ አንተን አያሳልፍም።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ወዲያው ዞሮ መስኮቱን ተመለከተ።

በነጋታው መሰላል ተውሼ ወጣሁ። የሰው ክብደት የማይችሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጫፍ ድረስ፣ ከመሰላሉ በላይ እስከሚታየኝ ድረስ፣ ለጋው ሁሉ በዚያው መስመር ተቆርጧል። ከታች ሆኖ በመቀስ፣ በመስኮት ብረት መሃል በወጣ እጅ ይቅርና በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ቢላም የሚደረስበት አይደለም። ይህ ለልብስ ሰፊው በቂ ማስረጃ መሰለኝና ወርጄ ለእማማ ነገርኳቸው።

«የሰው እጅ አይደርስም ነው የምትለኝ?»

«አይደርስም።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ። «እንግዲያ ጭራሽ ባሰ፤ የጂኒ ሥራ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመሸ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከዛፉ ሥር አያልፉም ነበር። ለመጸዳጃ ቤት እንኳ በወዲያኛው በአጥሩ ጥግ ይዞራሉ። ሳምቡሳ ጠባሿ መምጣት አቆመች። ልብስ ሰፊው ሲመሽ መቀሱን ለእሳቸው፣ ቁልፉን ለእኔ ይሰጣል። ሦስታችንም በአንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ርቀን መኖር ጀመርን። ዛፉ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ለጋ ያወጣል።

ከተማው ውስጥ እርሻ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች፤ ከዚህ በፊት ስለ ቡና በሽታ ስጽፍ አነጋግሬያት አውቃለሁ። ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ ማንጎ በሚበዛበት ያደገች ወጣት ናት። የተቆረጡትን ቅጠሎች በፌስታል አድርጌ ወሰድኩላት። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ቀን ቀን እዚያ ግቢ ማን ይኖራል?»

አሰብኩ። እማማ ገበያ ናቸው። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ሱቁ ውስጥ ነው። እኔ ሥራ ነኝ።

«ማንም» አልኳት።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች፤ እማማም ለዚሁ ሲሉ ገበያ አልወረዱም። ነጭ ጨርቅ ፈለገች። ልብስ ሰፊው ሮጦ ከሱቁ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አመጣ። ሲዘረጋው እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አቡጀዲ ከዛፉ ሥር አታንጥፉብኝ። የሬሳ ከፈን ይመስላል።»

«ለአፍታ ነው፣ እማማ» አለች መምህርቷ።

ጨርቁ ተነጠፈ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይዛ አንዴ ነቀነቀችው። እንደ ስንዴ ፍሬ ያሉ ነገሮች ነጩ ላይ ረገፉ። ጎንበስ ብለን አየን። ትንንሽ ጢንዚዛዎች ነበሩ፤ እንደ እህል ነቀዝ ከፊታቸው ረጅም አፍንጫ አላቸው። እግራቸውን አጥፈው፣ በጀርባቸው ተገልብጠው፣ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

«ሞቱ?» አሉ እማማ።

«ይጠብቁ።»

ጠበቅን።  አንዱ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ተገልብጠው ቆሙና በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ወደ ግንዱ አቅጣጫ፣ መራመድ ጀመሩ።

ያኔ ከላያችን ቅጠል ወደቀ። ነፋስ አልነበረም፤ ዛፉን የነካው ሰውም የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ቀይ ለጋ ቅጠል ቀስ ብሎ እየዞረ ወርዶ ልብስ ሰፊው እግር ሥር አረፈ። ወዲያው ሌላ ወደቀ። ሰው በሌለበት ጊዜ ሁሉ፣ ስንት ቀን፣ እንዲህ ሲወድቅ እንደኖረ ያሰብኩት ያኔ ነው። እኛ በር የቆለፍነው ማታ ማታ ነበር።

መምህርቷ ቅጠሉን አንስታ በማጉያ መነጽር አሳየችን። በመሃል ጅማቱ አጠገብ ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ የመርፌ ጫፍ ያህል እንቁላል።

«እናቲቱ እንቁላሏን ቅጠሉ ውስጥ ትደብቃለች። ከዚያ ከላይ ቆርጣ ትጥለዋለች። ትሉ የወደቀውን ቅጠል እየበላ ያድግና አፈር ውስጥ ይገባል። አድጎ ጢንዚዛ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። እኔ የማውቀው እስያ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ እንዳለ በማንበብ ነው። ይሄኛው እሱ ይሁን አይሁን ዛሬ አልነግራችሁም።»

ከዚያ ዙሪያውን አየችና የቅጠሉን ክምር በእጇ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ የውዱኡ ውሃ ነው የሚያርሰው። መኮትኮቻ ተቀብላ ቆፈረች። እግር የሌላቸው ነጫጭ ትሎች በአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ ተጠቅልለው ነበር። ሌላ ቦታ ቆፈረች። እዚያም ነበሩ።

«ቅጠሉን እዚህ የከመረው ማነው?»

ልብስ ሰፊውም እኔም ወደ እማማ ዞርን።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ። «በየቀኑ። በእጄ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። የተናገሩትን ግን ሰምቻለሁ። «እኔው ሳበላው ኖሬ» ነው ያሉት።

መምህርቷ ማድረግ ያለብንን ነገረችን። የወደቀው ቅጠል ጠዋትና ማታ ይለቀም፤ አንድም አይቅር። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ አፉ ይታሰር፤ ከውስጥ ያለው እስኪበስል ፀሐይ ላይ ይሰንብት። ከግንዱ ዙሪያ ያለው ክምር ሁሉ ይነሳ፤ አፈሩ ተገልብጦ ይድረቅ፤ ዶሮ ይለቀቅበት። ቅርንጫፉ በጨርቅ ላይ እየተነቀነቀ የረገፈው ሳሙና ውሃ ውስጥ ይጨመር። ይህ ካልበቃ ለጋ ሲወጣ የሚረጭ መድኃኒት አለ።

«መድኃኒቱ ይቅር» አሉ እማማ። «ፍሬውን ሕፃናት ናቸው የሚበሉት። ሌላውን አደርጋለሁ።»

«ውሃውም ከዚህ ቢርቅ ጥሩ ነው፣ እማማ። እርጥበቱ ይመቻቸዋል።»

እማማ የተቀመጡበትን ድንጋይ በእጃቸው ዳሰሱት። «ባሌ ያጠጣውን እኔ ላስጠማው፣ ኢንተላ ኮ?» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መምህርቷ ጥቂት ጢንዚዛዎች በጠርሙስ ይዛ፣ ማጉያ መነጽሯን ለእኔ ትታ ሄደች። ስለ ዝርያው እስካሁን ያገኘችው መልስ የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት፣ እማማ ጠርተውን ድንጋዩን በሦስት ሆነን ወደ አጥሩ ጥግ አንከባለልነው። ከሥሩ የተገኘውን ማየት አልፈለጉም፤ ፊታቸውን አዞሩ። ክምሩን ግን ራሳቸው ናቸው ያነሱት። ማዳበሪያው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጆሮን ቢያስጠጉ ውስጡ ይንሿሿል። እኔ አስጠግቼ ሰምቻለሁ።

የዐረፋ ጠዋት ከሶላት መልስ እማማ ልብስ ሰፊው ክፍል ደጃፍ ቆሙ።

«አውፍ በለኝ» አሉት፤ ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው።

«አውፍ ብያለሁ፣ እማማ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? ቤቱ ቤትህ ነው። ኤጋ፣ ከእንግዲህ መቀስህን ራስህ ያዝ፤ ያንን ጓጉንቸርም ወዲያ ጣለው።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

«መቆለፉን ግን አይተዉ።»

«ሱብሐነላህ! ጢንዚዛውን በዓይንህ አይተኸው የለም?»

«አይቻለሁ። ቀን ነው የሚቆርጠው። ሌሊቱን ግን ማን አየው?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። የማውቀውን ነገርኳቸው። መምህርቷን በስልክ ጠይቄያት፣ ጢንዚዛው በብዛት የሚሠራው ቀን እንደሆነ፣ ሌሊት ፈጽሞ አይቆርጥም ለማለት ግን እንደማትችል ነግራኛለች። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ከእኔ ተቀበሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን የሚቆልፉትም የሚከፍቱትም፣ መቀሱንም የሚያስቀምጡት እሳቸው ሆኑ።

ሰኔ አለቀ። ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄዱ። የሚለቀመው ቅጠል ከማዳበሪያ ወደ ቅርጫት፣ ከቅርጫት ወደ እፍኝ ወረደ። ሐምሌ ላይ ዛፉ ሌላ ለጋ አወጣ፤ ቀይ ሆኖ ተንጠለጠለ፤ ሳይቆረጥ አረንጓዴ ወደ መሆን ሄደ። ጨርቅ አንጥፈን ስንነቀንቀው ምንም ሳይረግፍ ቀናት አለፉ። ሳምቡሳ ጠባሿም ተመለሰች። «እኔ ያኔም ነፍሳት ነው ብዬ ነበር» አለች፤ እማማ ሳቁባት።

ሐምሌ 20 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ፣ ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት እኔ ጠርጌ እማማ አዩት። አንድም ቅጠል አልነበረም። በሩ ሲቆለፍ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን አልዘነበም።

እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከልብስ ሰፊው መስኮት ሥር አንድ ለጋ ቅጠል ወድቋል። ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መስመር ተቆርጧል። በማጉያ መነጽሩ በሁለቱም በኩል አየሁት። ጢንዚዛዋ የምትተወው ስንጥቅ የለውም፤ እንቁላልም የለበትም። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው።

እማማ ከቤት ወጡ። መቀሱ በጨርቅ እንደተጠቀለለ በግራ እጃቸው ነበር። ቅጠሉን ከእጄ ወስደው ገልብጠው አዩት። ማዳበሪያው ውስጥ ከተቱትና አፉን አሰሩት። ከዚያ እንደ ወትሮው በሩን ከፍተው መቀሱን ሰጡት።